የጨው ቤቶች፦ በዳሎል የቀድሞ የማዕድን ሠፈር ፎቶግራፍ ስለ ማንሣት



በመጀመሪያ የማሳያችሁ ፎቶግራፍ ለታሪክ ሥራ እምብዛም የማይጠቅም ነው። ያነሣሁትም እኔው ነኝ። እንደምታዩት ምስሉ ውብ ነው፤ ጀንበር ልትጠልቅ ስትል የሚታየው ቀይ ብርሃን በፈረሰ ግድግዳ ላይ አርፏል፣ ከበስተኋላው ሰማዩ ጠቁሯል። ግድግዳው ስንት ሜትር እንደሚረዝም፣ በሩ ወዴት እንደሚመለከት፣ የጨው ብሎኮቹ በምን እንደ ተያያዙ ግን ከዚህ ምስል ማወቅ አይቻልም። በሁለተኛው ጉዞዬ ወደ ዳሎል ስመለስ ግድግዳው ወድቆ ጠበቀኝ። ስለዚህ ከዚያ ቤት በእጄ የቀረው ማስረጃ ይኸው ውብ ምስል ብቻ ነው። የዛሬው ንግግሬ የሚነሣው ከዚህ ጸጸት ነው።

ዳሎል በአፋር ክልል፣ ከባሕር ወለል በታች ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ካለው የጨው ሜዳ ብቅ ያለ ኮረብታ ነው። ጎብኚ ወደዚያ የሚዘልቀው ቢጫና አረንጓዴ ቀለም ያላቸውን አሲዳማ ምንጮች ለማየት ነው። ከምንጮቹ ራቅ ብሎ የቤቶች ፍርስራሽ አለ፤ አስጎብኚዎች «የጣሊያን ከተማ» ብለው ያልፉታል። ቤቶቹ የተሠሩት ከጨው ብሎክ ነው። በዚያ ስፍራ ሌላ ድንጋይ ከሩቅ ማጓጓዝ ይጠይቃልና ግንበኛው እግሩ ሥር ያገኘውን ጠርቦ ግድግዳ አድርጎታል።

ሠፈሩ ለምን ተቆረቆረ? መልሱ ፖታሽ ነው። በዚህ ንግግር የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ልብ በሉልኝ። ለማዳበሪያና ለኬሚካል ኢንዱስትሪ የሚፈለገውን ፖታሽ ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በፊት ለዓለም ገበያ በብዛት ታቀርብ የነበረችው ጀርመን ነበረች። ጦርነቱ ያን ምንጭ በዘጋው ጊዜ የጀርመን ባላጋራዎች ዓይናቸውን ወደ ሌላ አማተሩ። በ1918 ከቀይ ባሕር ወደብ ከመርሳ ፋጥማ ተነሥቶ ወደ ዳሎል አቅጣጫ የሚወስድ የባቡር ሐዲድ ተዘርግቶ አለቀ፤ የሐዲዱ ማብቂያ ከዳሎል 28 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቅ ነበር። ጦርነቱ አብቅቶ የጀርመን ፖታሽ ወደ ገበያ ሲመለስ የዳሎል ሥራ ተዳከመ። በ1920ዎቹ ጣሊያናውያን እንደገና ሞከሩ፤ አልዘለቀም። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ሐዲዱን እንግሊዞች ነቅለው ወሰዱት። ፓርሰንስ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በ1950ዎቹ መጨረሻና በ1960ዎቹ መጥቶ ብዙ ጉድጓድ ቆፈረ፤ በ1960ዎቹ ማብቂያ እርሱም ትቶት ሄደ።

እዚህ ላይ ጥቂት መቆየት እፈልጋለሁ። ዳሎል ሰው ከኖረባቸው ስፍራዎች ሁሉ ከፍተኛው አማካይ የዓመት ሙቀት የተመዘገበበት ነው ሲባል ሰምታችኋል። ያ ቁጥር፣ ከ34 ዲግሪ ሴልሽየስ የሚበልጠው፣ የተገኘው ከ1960 እስከ 1966 በተደረገ ልኬት ነው። ልኬቱን ያስቻለው የአሜሪካኑ ኩባንያ ሠፈር በዚያ መኖሩ ነው። እንግዲህ «ሰው የሚኖርበት» የሚለው ቃል የማዕድን ሠራተኞቹን ይመለከታል ማለት ነው። የአየር ጠባይ ሊቃውንት ያን ቁጥር ሲጠቅሱ ሳያውቁት የአንድ ሠፈር ታሪክ ይጠቅሳሉ። «የጣሊያን ከተማ» የሚለው መጠሪያም ቢያንስ ግማሹን ታሪክ ይሰውራል። ስሙን የሰጠው ሰነድ ይሆን ልማድ ብዬ ብጠይቅ፣ እኔ ወደ ልማዱ አደላለሁ። በአገራችን አሮጌ ድልድይ፣ አሮጌ መንገድ፣ አሮጌ ፎቅ ያየ ሰው ሁሉ «ጣሊያን የሠራው» ማለት ይቀናዋል።

ታዲያ ከፎቶግራፉ ዘመኑን መለየት ይቻላልን? አንዳንድ ጊዜ ይቻላል፤ ዳሩ ግን አነሣሡ ከታሰበበት ነው። በርንድና ሂላ ቤኸር የተባሉት ጀርመናውያን ባልና ሚስት በዚገን የኢንዱስትሪ አካባቢ የሚገኙ የእንጨት መዋቅር ያላቸውን አሮጌ ቤቶች ለዓመታት ሲያነሡ አንድ ደንብ ነበራቸው፦ ፊት ለፊት ቆሞ፣ በደመናማ ቀን፣ ጥላ ሳይበዛ ማንሣት። ደንቡ ቤትን ከቤት ለማነጻጸር ያስችላል። እኔም ልከተለው ብዬ ተነሣሁ፤ በዳሎል ግን ደመና ከየት ይምጣ? ያለኝ ምርጫ ፀሐይ ከመውጣቷ በፊት ያለችው አጭር ሰዓት ነበረች።

ሌላው ችግር ጨው ራሱ ነው። የካሜራ የብርሃን መለኪያ በጣም ነጭ የሆነን ነገር ሲያይ ግራጫ ሊያደርገው ይሞክራል፤ ስለዚህ ካሜራው ከሚለው በላይ ብርሃን ማስገባት ያስፈልጋል። ይህን ባላወቅሁበት በመጀመሪያው ጉዞ ያነሣኋቸው ግድግዳዎች ሁሉ የሲሚንቶ መስለው ወጥተዋል። አንድ የሥራ ባልደረባዬ አይቷቸው ቤቶቹ የሲሚንቶ ናቸው ብሎ ሲከራከረኝ፣ ለክርክሩ መነሻ የሆነው የእኔው ስሕተት ነበር። በሁለተኛው ጉዞ ባለ ሜትር ዘንግ በየግድግዳው ሥር አቆምሁ፤ እያንዳንዱን ቤት ከአራቱም ማዕዘን አነሣሁ፤ ምስማሩን፣ የበሩን እንጨት፣ የዛገውን ቆርቆሮ ለየብቻ ቀረብ ብዬ ወሰድሁ። እነዚህ ምስሎች ለግድግዳ ጌጥ አይሆኑም። ቤቶቹ በአንድ ጊዜ እንዳልተሠሩ፣ አንዳንዱም ተጠግኖ ዳግም እንደ ተኖረበት እንድጠረጥር ያደረጉኝ ግን እነርሱ ናቸው። በአንድ ግድግዳ ላይ ሁለት ዓይነት አጠራረብ ይታያል፤ የታችኛው ብሎክ ጠርዙ የተበላ፣ የላይኛው ገና ስለታም ነው። ጥርጣሬ ነው፤ ማረጋገጫ አላልሁትም።

የናሚቢያዋን ኮልማንስኮፕ በፎቶግራፍ ያያችሁ ትኖራላችሁ፤ በ1908 አልማዝ ከተገኘ በኋላ ያደገች፣ በ1956 ሰው የለቀቃት የማዕድን ከተማ ናት። በዚያ አሸዋው እስከ መስኮቱ ገብቶ ቤቶቹን ሞልቷቸዋል፤ የዓለም ፎቶግራፈሮችም ይጎርፉላታል። አሸዋ ሊጠረግ ይችላል። ጨው ግን ጥቂት ዝናብ በወረደበት ቁጥር ከራሱ ይቀንሳል፤ የዳሎል ቤት የሚጠፋው በተሠራበት ነገር ባሕርይ ነው። ጥገናውንም ከባድ የሚያደርገው ይኸው ነው።

አሁን ወደሚከብደኝ ጉዳይ ልምጣ። በሐመድ ኢላ፣ የጨው ነጋዴዎች ግመሎች በሚያርፉበት መንደር፣ ለአንድ የአፋር አዛውንት ፎቶግራፎቼን አሳየኋቸው። በአስተርጓሚ በኩል ነበር የምንነጋገረው። አንድ በአንድ አገላብጠው ካዩ በኋላ «የእኛ ሰዎች ቤት የቱ ነው?» አሉኝ። ከቤቶቹ አንዱን አመለከትሁ። ሳቁ። ያ የአለቆቹ ነው አሉኝ፤ ከዚያም ከፎቶግራፉ ጠርዝ ውጭ፣ ጠረጴዛው ላይ፣ ጣታቸውን አሳረፉ።

የአፋር አርብቶ አደር ቤት ዳቦይታ ይባላል፤ ከታጠፈ እንጨትና ከሰሌን ይሠራል፣ ይነቀላል፣ በግመል ተጭኖ ይሄዳል። ሠራተኛው በዳቦይታ ኖሮ ከሆነ ቤቱ ከእርሱ ጋር ተነሥቶ ሄዷል፤ ለካሜራዬ የተረፈለት ነገር የለም። እኔም በሁለት ጉዞ ያነሣሁት ሁሉ ኩባንያው ያቆመውን ብቻ ነበር። ጨው መጥረብ ግን ኩባንያዎቹ ያመጡት ጥበብ አይደለም። ኮስማስ በ6ኛው ክፍለ ዘመን የአክሱም ሰዎች ወርቅ ለማግኘት ጨው ይዘው እንደሚወርዱ ጽፏል፤ አሞሌም ለብዙ ዘመን በአገራችን ገንዘብ ሆኖ አገልግሏል። በሜዳው ላይ ዛሬም ጨው በእንጨት ተፈንቅሎ፣ በመጥረቢያ ተጠርቦ፣ በግመል ወደ በራህሌ ይወጣል። የቤቶቹን ብሎክ የጠረበው ማን እንደሆነ ስጠይቅ፣ ግምቴ ከዚያ ሜዳ ብዙ አይርቅም።

በሦስተኛው ጉዞ ያደረግሁት ይህ ነው፦ አዛውንቱ ፈቅደው ከእኔ ጋር ወደ ሠፈሩ ወጡ። ባለ ሜትር ዘንጉን ለእርሳቸው ሰጥቼ፣ ሰዎች ነበሩበት በሚሉት ቦታ ሁሉ እንዲያቆሙት ለመንኋቸው። የመጨረሻዎቹ አሥራ አንድ ምስሎች እነዚህ ናቸው። በእያንዳንዱ ላይ የሚታየው ባዶ የጨው መሬትና ቀጥ ብሎ የቆመ ዘንግ ነው፤ በአንዱ ላይ ብቻ የአዛውንቱ እጅ ገብቷል። ለእያንዳንዱ ምስል የተናገሩትን በአፋርኛ ቀድቼ ከአማርኛ ትርጉሙ ጋር አያይዤዋለሁ። አሁን መብራቱ ይጥፋና ድምፁን እንስማ።