ከንቲባና ቀበሌ፦ የአዲስ አበባ አስተዳደር አወቃቀር ታሪክ ከመተማ ሲታይ

መግቢያ

በማኅበራዊ ሳይንስ ትምህርት የአካባቢ አስተዳደር ዘወትር የሚቀርበው በመሰላል መልክ ነው፤ ከላይ ክልል፣ ቀጥሎ ዞን፣ ቀጥሎ ወረዳ፣ ከሁሉ በታች ቀበሌ። ተማሪው እርከኖቹን በቃሉ አጥንቶ ፈተናውን ያልፋል። መሰላሉን ማን እንደ ሠራው፣ ስንት ጊዜ ፈርሶ እንደ ተሠራ፣ በየጊዜውም የመወሰን ሥልጣን በየትኛው እርከን ላይ እንደ ቀረ ግን አይጠየቅም። ለመተማ፣ ለገንዳ ውሃና ለቋራ መምህር ይህ የሩቅ ጥያቄ አይደለም። የቀድሞው የሰሜን ጎንደር ዞን በ2010 ዓ.ም. ገደማ ለሦስት ተከፍሎ ምዕራብ ጎንደር ገንዳ ውሃን ዋና ከተማው አድርጎ ራሱን የቻለ ዞን ስለ ሆነ፣ የዛሬው ተማሪ ታላቅ ወንድሙ ካጠናው የተለየ ካርታ ያጠናል።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የአዲስ አበባን የአስተዳደር አወቃቀር ታሪክ በአጭሩ መርምሮ ለቆላው መምህርና ለትምህርት ዕቅድ አውጪው የሚሆን ትምህርት መቅሰም ነው። ዋና ከተማዋ የተመረጠችበት ምክንያት የለውጦቹ ቅደም ተከተል በአዋጅ ተጽፎ ስለሚገኝ ብቻ አይደለም። የአስተዳደር ስሞችም በሁለቱ አካባቢዎች መካከል ተመላልሰዋል። «ከንቲባ» የሚለው ማዕረግ አዲስ አበባ ከመቆርቆሯ በፊት በጎንደር የታወቀ ነበር፤ «ቀበሌ» ደግሞ በከተማ አዋጅ ሕጋዊ መልክ ይዞ በኋላ እስከ ሱዳን ወሰን ድረስ ዘልቋል።

ከአዋጅ በፊት የነበረች መተማ

መተማ በአስተዳደር ወሰን ላይ ያላት ልምድ ከአዲስ አበባ ዕድሜ ይበልጣል። በ19ኛው መቶ ዓመት በአካባቢው የሰፈሩት የተክሩር ሼኮች በኢትዮጵያና በግብፅ ኃይሎች መካከል ሆነው ለሁለቱም ወገን ግብር የከፈሉበት ጊዜ ነበር። ገበያው የቆመው የደጋውና የሱዳን ነጋዴ ስለሚገናኝበት ነው። መጋቢት 1 ቀን 1881 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ ከደርቡሾች ጋር ሲዋጉ የቆሰሉት በዚሁ ስፍራ ሲሆን፣ የዛሬዋ ከተማ መተማ ዮሐንስ የተባለችው በእርሳቸው ስም ነው። ግንቦት 7 ቀን 1894 ዓ.ም. ዐፄ ምኒልክ ከእንግሊዝ ጋር በተፈራረሙት የወሰን ውል መሠረት መተማ በኢትዮጵያ፣ ገላባት በሱዳን በኩል ሆኑ። ቀድሞ በአንድ ገበያ ይተዳደር የነበረ ሕዝብ በሁለት መንግሥታት ሥር ዋለ። በመሆኑም ሩቅ ቦታ የተሰመረ መስመር የቅርቡን ሰው ኑሮ እንዴት እንደሚለውጥ ለማስረዳት የዚህ አካባቢ መምህር ምሳሌ ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም።

ከሰፈር ወደ ማዘጋጃ ቤት

አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ስትቆረቆር ቅርጿን የያዘችው ከቤተ መንግሥቱ ዙሪያ በመኳንንቱ ሰፈሮች ነበር። የራስ ብሩ፣ የደጃዝማች ውቤና የፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ሰፈሮች ስማቸውን ይዘው ቆይተዋል። በየሰፈሩ የነበረው ሰው የሚተዳደረው ባረፈበት ጌታ በኩል እንጂ በነዋሪነቱ አልነበረም።

ከጣልያን ወረራ በኋላ በ1934 ዓ.ም. የወጣው የአገር አስተዳደር ድንጋጌ ለአዲስ አበባና ለጎንደር ከንቲባ እንዲሾም ደነገገ። በ1937 ዓ.ም. የማዘጋጃ ቤቶች አዋጅ ቁጥር 74 ተከተለ፤ በ1940ዎቹ አጋማሽም አዲስ አበባ የራሷን ቻርተር አገኘች። ምክር ቤት ቢኖርም ከንቲባው የንጉሠ ነገሥቱ ተሿሚ ነበር። በምርጫው የሚሳተፈውም የማይንቀሳቀስ ንብረት ባለቤት የሆነው ሰው ስለ ነበር፣ ተከራዩ በምክር ቤቱ ድምፅ አልነበረውም። ምክር ቤት መቋቋሙ ብቻውን ነዋሪውን የከተማው ባለቤት እንደማያደርገው ይህ ዘመን ያስረዳል።

የቀበሌ ሁለት ገጽታ

ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ንብረት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 47 ይህን ሥርዓት ገለበጠው። አንድ ሰው ከአንድ መኖሪያ ቤት በላይ እንዳይኖረው ተከለከለ፤ ወርኃዊ ኪራያቸው ከ100 ብር የማይበልጥ ቤቶች በቀበሌ እንዲተዳደሩ ተደረገ። ትናንት ድምፅ ያልነበረው ተከራይ የከተማ ነዋሪዎች ማኅበር አባል ሆነ። መስከረም 29 ቀን 1969 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 104 ማኅበራቱን በቀበሌ፣ በከፍተኛና በማዕከላዊ ደረጃ አደራጀ። አዲስ አበባም በ25 ከፍተኞች ተከፈለች።

ቀበሌው ቤት አከራየ፣ በኅብረት ሱቅ ስኳር አከፋፈለ፣ በፍርድ ሸንጎው ቀላል ክርክሮችን ዳኘ። በ1971 ዓ.ም. በታወጀው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻም በየአካባቢው ጎልማሶች ፊደል እንዲቆጥሩ አደራጀ። ዘመቻው ከዩኔስኮ ሽልማት ያገኘው ያለዚህ መዋቅር አልነበረም። ይሁን እንጂ በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. ቀይ ሽብር ሲፋፋም ጠባቂዎችን ያስታጠቀው፣ ቤት ለቤት ያሰሰው፣ ወጣቱን ያሰረው ይኸው ቀበሌ ነበር። ለነዋሪው ቅርብ መሆኑ ለአገልግሎት እንደ ጠቀመ ሁሉ ለአፈናም ጠቀመ። ከዚህ የምንረዳው የአስተዳደር ቅርበት በራሱ በጎ ወይም ክፉ አለመሆኑን ነው፤ ወሳኙ ሹሙ መልስ የሚሰጠው ለማን ነው የሚለው ነው።

ከቀበሌ ወደ ክፍለ ከተማ

ከ1983 ዓ.ም. የመንግሥት ለውጥ በኋላ አዲስ አበባ ክልል 14 ተብላ ተዋቀረች። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት አንቀጽ 49 ለነዋሪዎቿ ራስን በራስ የማስተዳደር ሙሉ ሥልጣን ሲሰጥ፣ የከተማዋን አስተዳደር ተጠሪነት ለፌዴራሉ መንግሥት አደረገ፤ የኦሮሚያንም ልዩ ጥቅም አወቀ። የከተማዋ የኋላ ክርክሮች ብዙዎቹ ከዚህ አንቀጽ የሚመነጩ ናቸው።

በ1995 ዓ.ም. አዳዲስ ቻርተሮች ሲወጡ 28ቱ ወረዳዎች ቀርተው 10 ክፍለ ከተሞች ተቋቋሙ፤ 305 የነበሩት የከተማ ቀበሌዎችም ተጠቃለው 99 ሆኑ። የለውጡ መሪ ቃል ሥልጣንን ወደ ነዋሪው ማቅረብ ሲሆን፣ ቀበሌዎቹ በጀትና ሠራተኛ ማግኘታቸው አይካድም። ቁጥሩ ግን ሌላ ነገር ይጨምራል። በ1987 ዓ.ም. ቆጠራ ሕዝቧ 2.1 ሚሊዮን ገደማ ስለ ነበር አንድ ቀበሌ በአማካይ ወደ 7 ሺህ ሰው ይይዝ ነበር። በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ 2.7 ሚሊዮን የደረሰው ሕዝብ ለ99 ሲካፈል አማካዩ ከ27 ሺህ በላይ ነው። ቅርብ የተባለው እርከን በዐሥራ ሁለት ዓመት ውስጥ አራት እጥፍ ገዘፈ ማለት ነው።

የአዲሱ መዋቅር ፈተና ብዙ አልቆየም። ግንቦት 7 ቀን 1997 ዓ.ም. በተደረገው ምርጫ ቅንጅት ከ138 የከተማው ምክር ቤት መቀመጫዎች 137ቱን አሸነፈ። የተመረጠው ምክር ቤት ግን ሥራ ሳይጀምር ቀረ፤ በግንቦት 1998 ዓ.ም. የፌዴራሉ መንግሥት በአቶ ብርሃነ ደሬሳ የሚመራ ባለአደራ አስተዳደር ሰየመ። በሚያዝያ 2000 ዓ.ም. ምርጫ ሲካሄድ የቀበሌ ምክር ቤት መቀመጫ ወደ 300 ከፍ ተደርጎ ነበር፤ አሸናፊው ኢሕአዴግ ሆነ። ከዚያ በኋላ ቀበሌዎቹ «ወረዳ» ተባሉ፤ በ2013 ዓ.ም. ደግሞ ከቦሌና ከየካ በተወሰደ ቦታ ለሚ ኩራ 11ኛ ክፍለ ከተማ ሆነ። ስሙና ቁጥሩ በተለወጠ መጠን ተጠሪነቱ አልተለወጠም።

ወደ ቆላው ስንመለስ

ወሰን ሲከለል የሚነሣው ጥያቄ በምዕራብ ጎንደርና በአጎራባቾቹ ከዋና ከተማዋ የከበደ ዋጋ አስከፍሏል። መስከረም 7 ቀን 2010 ዓ.ም. በያኔው ሰሜን ጎንደር በ8 ቀበሌዎች የሚኖሩ ሰዎች በነባሩ አስተዳደር መቆየትን ወይም በቅማንት የራስ አስተዳደር መካተትን እንዲመርጡ ሕዝበ ውሳኔ ተካሂዷል፤ ሰባቱ በነባሩ መቆየትን መረጡ። ነዋሪው መጠየቁ በ1894 ዓ.ም. ያልታየ እርምጃ ነው። ሆኖም ድምፁ የተቆጠረው በቀበሌ በመሆኑ፣ በአንዱ ቀበሌ ብዙኃን የሆነው በሌላው አናሳ ሆነ፤ ጥያቄውም በዚህ አልተዘጋም። በተከታዮቹ ዓመታት በመተማና በጭልጋ በተነሡ ግጭቶች የሰው ሕይወት ጠፋ፣ ብዙ ቤተሰብ ተፈናቀለ፣ ልጆች ከትምህርት ገበታ ተለዩ።

ስለዚህ መምህሩ የአስተዳደር እርከኖችን ሲያስተምር ከስማቸው ጋር ሦስት ጥያቄዎችን አብሮ ቢያቀርብ ይመከራል። ወሰኑን ማን ከለለው? ለትምህርት ቤቱ፣ ለጤና ጣቢያውና ለውኃ ጉድጓዱ የሚወጣውን ገንዘብ የሚመድበው የትኛው እርከን ነው? ሹሙ ቢያጠፋ የሚያነሣው ማን ነው? ተማሪዎች የመንደራቸው አረጋውያን በዕድሜያቸው ስንት የአስተዳደር ስም እንዳሳለፉ ጠይቀው እንዲጽፉ ማድረግም ወጪ የማይጠይቅ መልመጃ ነው። የዕቅድ አውጪውም ድርሻ ቀላል አይደለም፤ ወረዳ ሲከፈል መምህር፣ መጽሐፍና የተማሪ መዝገብ አብረው ይከፈላሉና፣ ትምህርት ቤቶች በአዲሱ ወሰን በየትኛው በኩል እንደሚውሉ ከውሳኔው በፊት መጠናት አለበት።

ከሰፈር እስከ ክፍለ ከተማ የተደረጉት ለውጦች እንደሚያመለክቱት፣ መዋቅር በአዋጅ በአንድ ቀን ይለወጣል። ተጠያቂነት ግን መጠየቅ የለመደ ነዋሪ ይፈልጋል፤ ይህን ልማድ ከማንም አስቀድሞ ለልጅ ማስተማር የሚችለው ትምህርት ቤት ነው።