ከጠገራ ወደ ብር፤ የዓለም ጦርነት በኢትዮጵያ ገበያ

በ1934 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገበያ በወጣ ሰው ኪስ ውስጥ የሦስትና የአራት መንግሥት ገንዘብ ቢገኝ የሚገርም አልነበረም። የማሪያ ቴሬዛ ጠገራ ብር አለ፤ ከወራሪው የተረፈ የኢጣሊያ ሊሬ አለ፤ ከእንግሊዝ ጦር ጋር የገባው የምሥራቅ አፍሪካ ሽልንግ፣ የሕንድ ሩፒና የግብፅ ፓውንድም አለ። የኢትዮጵያ ስም ያለበት ገንዘብ ግን የለም። ንጉሠ ነገሥቱ ወደ ዙፋናቸው ተመልሰዋል፣ ሰንደቅ ዓላማው ተሰቅሏል፤ ገበያው ግን ገና ነፃ አልወጣም።

ዓለም የሁለተኛውን ታላቅ ጦርነት የሚቆጥረው ጀርመን ፖላንድን ከወረረችበት ከነሐሴ 26 ቀን 1931 ዓ.ም. ነው። ለኢትዮጵያ ጦርነቱ የጀመረው ከዚያ አራት ዓመት ገደማ ቀድሞ፣ መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. የኢጣሊያ ጦር መረብን ሲሻገር ነበር። የአርበኞቹ ገድል ብዙ ተጽፎለታል። ጦርነቱ በሸማቹና በገበሬው ኑሮ ላይ ያደረሰው ግን ያን ያህል አልተነገረም።

ከወረራው በፊት የአገሪቱ ዋና መገበያያ ጠገራ ብር ነበር። 28 ግራም የሚመዝነው ይህ ገንዘብ የኦስትሪያዋ ንግሥት ማሪያ ቴሬዛ ምስል ያለበት ሲሆን፣ በየትኛውም ዘመን ቢመታ የሚጻፍበት ዓመት ያው 1780 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው። ነጋዴ ጠገራ ሲቀበል መጀመሪያ ድንጋይ ላይ ጣል አድርጎ ድምፁን ያዳምጣል። ቀጥሎ በጣቱ ዳበስ ዳበስ እያደረገ ንግሥቲቱ ትከሻ ላይ ያለውን ጌጥ ይመረምራል። የጌጡ ፈርጦች ካረጁና ካልተለዩ “ይህስ አይሆንም” ብሎ ይመልሳል። በባንክ የታተመ ወረቀት ከከተማ ወጥቶ እንዲህ ያለ አመኔታ አላገኘም።

ሮም ይህን ጠንቅቃ ታውቅ ነበር። ለወረራው ስትዘጋጅ ጠገራው የሚመታበትን ቅርጽ ከቪየና አስፈቅዳ ወስዳ በራሷ ማተሚያ ሚሊዮኖችን መታች። እንግሊዞችም በበኩላቸው በለንደን፣ በኋላም በቦምቤይ ያንኑ ጠገራ መቱ። በ1933 ዓ.ም. በጎጃም በኩል ወደ አርበኞቹ በግመል ከተጫነው ስንቅና ጥይት ጋር ጠገራም ይገባ ነበር። የሁለት ተፋላሚ መንግሥታት ገንዘብ የአንዲት ሟች ንግሥት ፊት ይዞ በአንድ ገበያ ተገናኘ።

ፋሺስቶች አዲስ አበባን ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. እንደያዙ የኢትዮጵያን ባንክ አፈረሱ፤ ሕዝቡም በሊሬ እንዲገበያይ አዘዙ። ለጠገራው ያወጡት የምንዛሪ ዋጋ ዝቅተኛ ስለነበር ገበሬው ጠገራውን ቀበረ፤ እህሉንም ለሊሬ ላለመሸጥ ከገበያ አሸሸ። ለም ናት የተባለች አገር ለወራሪው ጦርና ለሰፋሪው የሚሆን ስንዴ ከባሕር ማዶ እስከማስመጣት ደረሰች። በሌላ በኩል ሰፊ የመንገድ ሥራ ተጀመረ፤ ብዙ ሰውም ለመጀመሪያ ጊዜ የቀን ደመወዝ ተቀበለ። ኢጣሊያ አገር አለማች የሚሉ ሰዎች ዛሬም የሚጠቅሱት እነዚህን መንገዶች ነው። መንገዶቹ ግን የተሠሩት በቅድሚያ ለጦሩ ነበር። ሒሳብ ከተሠራ ደግሞ ሌላውም መዝገብ አብሮ ይከፈት፦ የኢትዮጵያ መንግሥት ከጦርነቱ በኋላ ባቀረበው ዝርዝር 760,300 ሰው ሞቷል፤ 2,000 አብያተ ክርስቲያናትና 525,000 ቤቶች ጠፍተዋል፤ 7 ሚሊዮን በግና ፍየል ታርዷል ወይም ተዘርፏል።

ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ነፃነት ሲመለስ ግምጃ ቤቱ ባዶ ነበር። እንግሊዞች አገሪቱን ከጠላት እንደተያዘ ግዛት በጦር አስተዳደር ሥር አዋሏት። ኢጣሊያኖች ትተዋቸው ከሄዱት ማሽኖችና ተሽከርካሪዎች ብዙውን “የጦር ምርኮ ነው” ብለው ጭነው ወሰዱ። ባርክሌይስ ባንክ አዲስ አበባ ላይ ተከፈተ፤ የመንግሥት ሒሳብም በሽልንግ ሆነ። ጥር 23 ቀን 1934 ዓ.ም. በተፈረመው ውል እንግሊዝ በሁለት ዓመት ውስጥ 2.5 ሚሊዮን ፓውንድ ለመስጠት ተስማማች። ከገንዘቡ ጋር ግን አማካሪዎቿም አብረው መጡ።

ተራው ሰው ጦርነቱን ያወቀው በልብሱና በግብሩ ነው። ከወረራው በፊት አገሩን ያለበሰው አቡጀዲድ በብዛት የጃፓን ነበር፤ ጃፓን የጦርነቱ ተፋላሚ ስትሆን ያ በር ተዘጋ። የመርከብ ቦታ ለጦር መሣሪያ ተይዟልና ከሌላ አገር የሚመጣውም በኮታ ሆነ። ጨርቅ ተወደደ፤ ፈታይና ሸማኔ እንደገና ተፈለጉ። በዚያው በ1934 ዓ.ም. በወጣው የመሬት ግብር አዋጅ ለም መሬት በጋሻ 15 ብር፣ ለም ጠፍ 10 ብር፣ ጠፍ 5 ብር እንዲከፍል ተወሰነ። በጥሬ ገንዘብ ነውና ገበሬው ለግብሩ ሲል እህሉን ወደ ገበያ ማውጣት ግድ ሆነበት። ጦርነቱ ደግሞ እህል ይፈልግ ነበር፤ መካከለኛው ምሥራቅ ለሰፈረው ጦርና ሕዝብ ከኢትዮጵያ እህል ይገዛ ጀመር። ሽያጩ ለመንግሥት የውጭ ምንዛሪ፣ ለነጋዴው ትርፍ አስገኘ። ለከተማው ሸማች ግን ኑሮ ውድ ሆነ።

ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴና ሹማምንታቸው ነፃነት ያለ ገንዘብ ጎዶሎ መሆኑን አልሳቱም። እንግሊዞች ለኢትዮጵያ መቀመጫው ለንደን የሆነ የገንዘብ ቦርድ ሐሳብ አቅርበው ነበር፤ ተቀባይነት አላገኘም። የኢትዮጵያ መንግሥት ባንክ በ1 ሚሊዮን ጠገራ ብር ካፒታል ተቋቁሞ ሚያዝያ 7 ቀን 1935 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ፤ ባርክሌይስም ወጣ። ከዚያ መንግሥት ፊቱን ወደ አሜሪካ አዞረ። በጦርነቱ ጊዜ በወጣው የብድርና የኪራይ ዕርዳታ ሕግ መሠረት ከ5 ሚሊዮን አውንስ በላይ የብር ማዕድን ተገኘ፤ ሳንቲሞቹም ፊላደልፊያ ተመቱ።

አዲሱ የኢትዮጵያ ብር በንጉሠ ነገሥቱ የልደት ቀን፣ ሐምሌ 16 ቀን 1937 ዓ.ም. ለገበያ ወጣ። አንዱ ብር በሁለት የምሥራቅ አፍሪካ ሽልንግ ይመነዘር ነበር። ብዙም ሳይቆይ ሽልንጉ ከገበያ ተሰበሰበ። ሕዝቡ አዲሱን የብር ወረቀት ወዲያው አላመነም፤ ጠገራው በገጠር ለብዙ ዓመታት ሲዘዋወር ኖረ። በመንግሥት በኩል ግን ዘዴ ነበር፦ 50 ሳንቲሙ እውነተኛ የብር ማዕድን ስላለበት ወረቀቱን ያልወደደ ሁሉ እሱን ወደደ። ወደደና ደግሞ እንደ ጠገራው ይቀብረው ጀመር። የመጀመሪያዋ ክብ ስሙኒ ከ50 ሳንቲሙ ጋር በመልክ ስለምትምታታ፣ በኋላ ጠርዟ ሞገድ ሞገድ ባለው ስሙኒ ተተካች። ትልልቆቹ አንባቢዎቻችን የሚያስታውሷት ስሙኒ ይህችው ናት።

ጦርነቱ ሌላም ነገር ትቶ ሄደ። ታኅሣሥ 12 ቀን 1938 ዓ.ም. የተቋቋመው የኢትዮጵያ አየር መንገድ ሥራ የጀመረው ከጦርነቱ በተረፉ የአሜሪካ ሲ-47 አውሮፕላኖች ነው። የመጀመሪያው በረራ መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. በአስመራ በኩል ካይሮ ደረሰ።

ካሣውስ? ኢትዮጵያ የጠየቀችው ከ184 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ ነበር። በ1939 ዓ.ም. በፓሪስ የተፈረመው የሰላም ውል የወሰነላት 25 ሚሊዮን ዶላር ነው። በ1948 ዓ.ም. ከኢጣሊያ ጋር በተደረገው ስምምነት ደግሞ ወደ 16.3 ሚሊዮን ዶላር ወረደ፤ በ1952 ዓ.ም. የተመረቀው የቆቃ ግድብም የተሠራው ከዚሁ ካሣ ነው። ከጦርነቱ በኋላ በሌሎች ችሮታ የተገኘው ጥቅም ሁሉ ቢደመር ከጠፋው ጋር አይወዳደርም። የገዛ ባንኳና የገዛ ገንዘቧ ግን ኢትዮጵያ ድሃ በነበረችበት በዚያ ሰዓት፣ የሚጫናትን ኃያል ወዳጅ “አይሆንም” ብላ ራሷ ያቆመቻቸው ናቸው። ሚያዝያ 27ን በየዓመቱ እናከብራለን፤ ሐምሌ 16 ቀን 1937 ዓ.ም. ደግሞ ከድል ቀኖቻችን ተርታ ሊቆጠር ይገባዋል።