ግርዶሹ፣ ጣርማ በርና እኛ

መጋቢት 30 ቀን 2016 ዓ.ም. ረፋዱ ላይ፣ ማዛትላን በምትባል የሜክሲኮ የባሕር ዳርቻ ከተማ ፀሐይ ጨለመች። የጨረቃ ጥላ ያን ዕለት ከውቅያኖስ ወጥቶ የአሜሪካን አህጉር መጀመሪያ የረገጠው እዚያ ነበር። ጨለማው ከአራት ደቂቃ ጥቂት አለፈ። ለእነዚያ አራት ደቂቃዎች ሲባል ሰው ከየአገሩ ተቧድኖ፣ ሆቴል ይዞ፣ ቀናት ቀድሞ ደርሶ ጠብቋል። እኛም በስልካችን ስናይ ዋልን። ቀናን ብንላችሁ አትፍረዱብን። ቅናታችን ምክንያት አለውና ታሪኩን እንንገራችሁ።

ወደ ኋላ ወደ ሰኔ 14 ቀን 2012 እንመለስ፤ ዕለቱ እሑድ ነው። በዚያ ጠዋት የቀለበት ግርዶሽ ከኮንጎ ተነስቶ በደቡብ ሱዳን በኩል ኢትዮጵያ ገባ፣ ላሊበላን ነካ፣ ቀይ ባሕርን ተሻግሮ ወደ የመንና ወደ ሕንድ ሄደ። የቀለበት ግርዶሽ የሚባለው ጨረቃ ከምድር ራቅ ብላ በምትገኝበት ጊዜ የሚሆነው ነው። ያኔ ትንሽ ሆና ስለምትታይ ፀሐይን ሙሉ በሙሉ መሸፈን ያቅታታል፣ ዳር ዳሩ እንደ ወርቅ ቀለበት ይተርፋል። ላሊበላ ላይ ቆሞ ይህን ማየት! እኛም ገንዘብ አዋጥተን፣ ድንኳን ተውሰን፣ ቀን ቆርጠን ነበር። ዳሩ ግን ኮሮና መጣ። በመጋቢት ወር መጨረሻ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፣ ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብ ተከለከለ፣ አውቶቡሱ በግማሽ ወንበር በእጥፍ ታሪፍ መጫን ጀመረ። የላሊበላው ጉዞ እንደ ብዙ ነገር በዚያ ዓመት ቀረ።

ምን ተሻለ? ከመካከላችን አንዱ የደብረ ሲና ልጅ ነው። «ቀለበቱ ቢቀር ማጭዱን ከጣርማ በር እናያለን» አለን። ከጥላው መስመር ውጭ ያለ ሰው ፀሐይን የሚያያት ተቆርሳ ነውና። አንድ የብየዳ መስታወት ይዘን ሦስት ሆነን ወጣን። (በአዋጁ መሠረት አንድ ሰው ይቀረን ነበር።)

ጣርማ በርን የምታውቁ ታውቁታላችሁ። ከሦስት ሺህ ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ነው። ከኋላችሁ የደብረ ብርሃን ብርድ፣ ከፊታችሁ ምድር በድንገት ተቆርጦ የይፋት ቆላ፤ ታች ሸዋ ሮቢት ማንጎና ሽንኩርት ይዛ በሙቀት ተቀምጣለች። ጉሙ ግን ለማንም አይታዘዝም። ያን ጠዋትም ገደሉን ሞልቶት ነበር። እኛ እየተራገምን ስንጠብቅ አንድ ጋቢ የለበሱ አዛውንት በጎቻቸውን እየነዱ መጡ።

«ምን ትጠብቃላችሁ ልጆቼ?»

«ፀሐይ ልትጋረድ ነው አባባ።»

«እናንተ በምን አወቃችሁ?»

«ሰዓቱ ሳይቀር ተሰልቷል።»

ጥቂት አሰቡና፣ «ይህን ያወቀ ሰው የሚመጣብንንስ ለምን አይነግረን?» አሉን።

ሳቅን። መልስ ግን አልነበረንም። ጉሙ አፍታ ሲከፈት ፀሐይን እንደ ቀጭን ማጭድ ሆና አየናት። መስታወቱን ለአባባ ሰጠናቸው፣ አይተው አማተቡ። ብርሃኑ ደብዝዞ ብርዱ ጨመረ። ከዚያ ጉሙ ተመልሶ ዘጋው።

የአባባ ጥያቄ ግን አልተዘጋም። በቆምንበት ቦታ ዙሪያ ያለው ታሪክ እሱኑ ሲጠይቅ የኖረ ነውና።

ከኋላችን ካለችው ከደብረ ብርሃን እንጀምር። አፄ ዘርዓ ያዕቆብ (የነገሡት እ.ኤ.አ. ከ1434 እስከ 1468) ከተማዋን የቆረቆሩት በሰማይ ላይ ብርሃን ስለታየ ነው። ስሟም ያንኑ ይናገራል። ይህን ሁላችንም በትምህርት ቤት ሰምተናል። ያልተነገረን ከብርሃኑ በፊት የሆነው ነው። ንጉሡ ለማርያም ሥዕልና ለመስቀል አንሰግድም ያሉትን ደቂቀ እስጢፋኖስን በመጋቢት 2 ቀን በድንጋይ አስወገሩ። በ38ኛው ቀን፣ ሚያዝያ 10፣ ብርሃኑ ታየ። ንጉሡም «እግዚአብሔር ሥራዬን ወደደልኝ» ብለው ተረጎሙት፤ ቤተ ክርስቲያን ሠሩ፣ ቤተ መንግሥታቸውንም እዚያው ተከሉ። የእነዚያን መነኮሳት ታሪክ ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ «ደቂቀ እስጢፋኖስ በሕግ አምላክ» በሚለው መጽሐፋቸው ለአማርኛ አንባቢ አቅርበውታል።

ብርሃኑ ምን ነበር? እ.ኤ.አ. በ1456 የታየው የሃሌይ ጅራታም ኮከብ ነው የሚሉ ታሪክ ጸሐፊዎች አሉ። ነገር ግን ቀኑን ብንቆጥረው ሚያዝያ 10 በዘመኑ የአውሮፓ አቆጣጠር ኤፕሪል 5 ነው። ጅራታሙ ኮከብ በሌላው ዓለም ጎልቶ የታየው በግንቦት መጨረሻና በሰኔ ነው። ስለዚህ ልኩ በደንብ አይገጥምም። ለእኛ ግን ከብርሃኑ ይልቅ የሚያስጨንቀን ትርጉሙ ነው። ሰማዩ ዝም ብሎ በራ። «ገድለህ ደግ አደረግህ» ያለው አንባቢው ነው፤ አንባቢው ደግሞ ገዳዩ ራሱ ነበር።

አሁን ፊታችንን ወደ ታች እናዙር። ይፋት በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ ላይ የወላስማዎች መንግሥት ነበረች፤ እ.ኤ.አ. በ1332 ሱልጣን ሰብረዲን ከአፄ ዓምደ ጽዮን ጋር የተዋጋባት። እንደ ኖራና አስባሪ ያሉ የድሮ ከተሞቿ የመስጊድ ፍርስራሾች ዛሬም በእነዚያ ተረተሮች ላይ አሉ። በዚያ ምድር ሙስሊሙ ፀሐይ ስትጋረድ የሚሰግደው የራሱ ሶላት አለው። ከሶላቱ ጋር የሚነገረው ታሪክ ደግሞ ይህ ነው፦ የነቢዩ ሙሐመድ ትንሽ ልጅ ኢብራሂም በሞተበት ቀን ፀሐይ ተጋረደች። ሰዎችም ፀሐይ ያዘነችው ለእሱ ነው አሉ። ነቢዩ ግን ፀሐይና ጨረቃ የአላህ ምልክቶች መሆናቸውን፣ ለማንም ሞት ወይም ሕይወት ብለው እንደማይጋረዱ ተናገሩ። የሥነ ፈለክ ሊቃውንት ያን ግርዶሽ እ.ኤ.አ. ጥር 27 ቀን 632 ያደርጉታል። ልጁ የሞተበት አባት፣ ሕዝቡ በራሱ ፈቃድ ያቀረበለትን የሰማይ ምስክርነት አልቀበልም አለ። ከጣርማ በር ላይ ሆናችሁ ሁለቱን ታሪኮች በግራና በቀኝ ስታስቀምጡ ነገሩ ያስባል።

ሦስተኛው ታሪክ ከእግራችን ሥር ነው። ተራራውን በስቶ ወደ ይፋት የሚያወርደውን ዋሻ የሠራው የጣሊያን ወራሪ ነው፣ ሞሶሎኒ ዋሻ እየተባለም ሲጠራ ኖሯል። ዋሻው ሲቆፈር አብዛኛው ዓለም «ኢትዮጵያ የምትባል አገር አበቃላት» ብሎ ፈርሞ ነበር። እምቢ ካሉት ጥቂት አገሮች አንዷ፣ ያችው ግርዶሽ የቀናንባት፣ ሜክሲኮ ናት። በፕሬዚዳንት ላሳሮ ካርዴናስ ጊዜ ወረራውን አላውቀውም አለች። የአዲስ አበባው ሜክሲኮ አደባባይ ስሙን ያገኘው በዚህ ውለታ ነው። በሜክሲኮ ሲቲም ኢትዮጵያ የሚባል አደባባይና የባቡር ጣቢያ አለ። አፄ ኃይለ ሥላሴም በ1946 ሄደው አመስግነዋል። የዚያን ጊዜ ጨለማ ዘላለማዊ የመሰላቸው ብዙዎች ነበሩ። አምስት ዓመት ቆየ።

አንድ ነገር እንጨምር። ግርዶሾች ቤተሰብ አላቸው። አንዱ ግርዶሽ ከ18 ዓመት ከ11 ቀን ከ8 ሰዓት ገደማ በኋላ መንትያውን ይልካል፤ በስምንቱ ሰዓት ምክንያት ግን ምድር ስለምትዞር ሌላ አገር ላይ ያርፋል። የላሊበላው ግርዶሽ ታላቅ ወንድም የታየው ሰኔ 3 ቀን 1994 ነው። የት መጨረሻውን አገኘ ብትሉ፣ ሜክሲኮ የባሕር ዳርቻ ላይ፣ ፀሐይ ስትጠልቅ! ከ18 ዓመት በኋላ ወንድሙ በጠዋት ወደ እኛ መጣ።

እንግዲህ የአባባ ጥያቄ። የጥላው ሰዓት አስቀድሞ ተጽፎ ነበር። የሚመጣብንን ግን የነገረን አልነበረም። ከዚያች ጠዋት አምስት ወር ሳይሞላ በሰሜን ጦርነት ተጀመረ። በሚያዝያ 2013 ከታች ያለችው አጣዬ ተቃጠለች። በዚያው ዓመት ሐምሌ መጨረሻ፣ ልንሄድባት የነበረችው ላሊበላ በጦርነቱ ተያዘች። በኅዳር 2014 ውጊያው ሸዋ ሮቢትን አልፎ ደብረ ሲና አካባቢ ደረሰ፣ ሰው በዚያው በጣርማ በር ሽቅብ ተሰደደ። ከመካከላችን የአንዱ እናት ነበሩበት። በኋላ «ግርዶሹ ይህን ሲናገር ነበር» ያሉን ሰዎች አሉ። እኛ ይህን አንቀበልም። ግርዶሹ ምንም አልተናገረም። እንዲያ ብንል ቤት ያቃጠለው ሰው ከተጠያቂነት ያመልጣል፣ ጥፋቱ የጨረቃ ይሆናል። ጨረቃ መንገዷን በስሌት ትሄዳለች፤ ሰው ግን የሚያደርገውን መርጦ ያደርጋል። ለአባባ ያኔ ልንመልስላቸው የሚገባን ይህ ይመስለናል።

ቀኖቹን ያዙልን። ሐምሌ 26 ቀን 2019 ከቀትር በኋላ ሙሉ ግርዶሽ በግብፅ፣ በሳዑዲና በየመን ያልፋል። ይፋት ላይ ከፊሉ ይታያል፣ ክረምቱ ከፈቀደ። የላሊበላው ግርዶሽ ታናሽ ወንድም ደግሞ ሰኔ 25 ቀን 2030 ኢትዮጵያን ይረግጣል። በባዶ ዓይን አትዩት፣ በራጅ ፊልምም አትዩት፣ ዓይን ያጠፋል። ትክክለኛ የግርዶሽ መነጽር ወይም ቁጥር 14 የብየዳ መስታወት ያዙ።

የእኛው መስታወት ቤት ተቀምጧል። በተራ በተራ ከሆነ ለአራት ሰው ይበቃል። አራተኛው ቦታ የአባባ ነው፣ ካገኘናቸው።