ዕቃው መጣ፣ ደንቡ ቀረ

ካዛንቺስ የሚለው ስም እንዲህ ተላምዶን ይቆይ እንጂ ዘሩ ከጣሊያንኛ ነው። በ1928 ዓ.ም. የኢጣሊያ ጦር አዲስ አበባን ከያዘ በኋላ «ኢንቺስ» የተባለ የመንግሥት ሠራተኞች የቤት ድርጅት በሠፈሩ ቤቶች ሠራ። «ካዜ ኢንቺስ» ማለት የኢንቺስ ቤቶች ማለት ነው። ወራሪው በ1933 ዓ.ም. ተባረረ፤ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ የሠፈሩ ብዙ ነባር ቤቶች ፈረሱ። ስሙ በከተሜው አፍ ሲቀር ፍቺውን ብዙው ሰው ረስቶታል።

ከባሕር ማዶ የመጣ ዕቃም አንዳንዴ እንዲሁ ነው፤ እሱ ይለመድና የአያያዝ ደንቡ ይቀራል። በዓይን ላይ የሚለጠፈው ኮንታክት ሌንስ አንዱ ነው። ዛሬ ለሠርጓ የዓይኗን ቀለም በሌንስ የምትለውጥ ሙሽራ በከተማችን ብርቅ አይደለችም።

ታሪኩ ግን ሩቅ ነው። ጀርመናዊው ሐኪም አዶልፍ ፊክ እ.ኤ.አ. በ1888 በዙሪክ ሳለ የመስተዋት ሌንሱን ይፋ አደረገ። አስቀድሞ በጥንቸል፣ ቀጥሎም በገዛ ዓይኑ ሞከረው። ከጥቂት ሰዓት በላይ ግን የሚያስችል አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1961 የገና ሰሞን ቼኩ ኬሚስት ኦቶ ቪክተርሌ ከልጆች መጫወቻ ብረታ ብረት በገጣጠማት ማሽን ለስላሳውን ሌንስ በቤቱ ሠራ። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1971 ሽያጩን ፈቀደች።

የለስላሳው ሌንስ ምስጢር ውኃ መምጠጡ ነው። ምቾቱም አደጋውም ከዚሁ ይመነጫል። አካንታሜባ የምትባል ረቂቅ ተሕዋስ በቧንቧና በተጠራቀመ ውኃ ትኖራለች። በሌንስ ተሸጋግራ የዓይን ብሌን ውስጥ ከገባች ሕክምናው ወራት ይፈጃል፤ ዓይንም ልታጠፋ ትችላለች። የብሪታንያ ተመራማሪዎች በአገራቸው የበሽታውን መብዛት በየቤቱ ጣሪያ ሥር ከሚቀመጡ የውኃ ታንከሮች ጋር አያይዘውታል። ውኃ በፈረቃ እየደረሰው በሮቶና በጀሪካን ለሚያጠራቅመው አዲስ አበቤ ይህ እንግዳ ወሬ አይደለም። ለመጠጥ የበቃ ውኃ ለሌንስ አይበቃም።

ስለዚህ አንባቢ ሆይ፣ ሌንስ የሚነካ እጅ በሳሙና ታጥቦ ይድረቅ። ሌንሱ በራሱ መድኃኒት እንጂ በውኃም በምራቅም አይታጠብ፤ የትናንቱ መድኃኒት ተደፍቶ አዲስ ይሞላ። ለመኝታና ለገላ መታጠቢያ ይውለቅ። ማኅደሩ በየሦስት ወሩ ይለወጥ። የጓደኛ ሌንስ መዋስማ ጨርሶ አይገባም። ዓይን ቀልቶ ካመመ ወይም ብርሃን ከወጋው፣ ሌንሱን አውልቆ በዚያኑ ዕለት ወደ ዓይን ሐኪም መሄድ ነው። የተበላሸ ብሌን የሚተካው ሌላው ሰው ሲሞት በሚለግሰው ብሌን ነውና።