ከባሮ መርከብ እስከ ጠረጴዛችን ክንድ

ጋምቤላ ከተማ የባሮ ድልድይ ላይ ቆማችሁ ወንዙን ስትመለከቱ ምን ይታያችኋል? የሚዋኙ ልጆች፣ መረባቸውን የሚያዘጋጁ ዓሣ አጥማጆች፣ ልብስ የሚያጥቡ እናቶች። ከመቶ ዓመት በፊት ግን በዚሁ ውሃ ላይ በክረምት ከካርቱም የመጡ የእንፋሎት መርከቦች ይቆሙ ነበር። ዛሬ ልነግራችሁ የፈለግሁት በቤታችን ስለሠራነው ትንሽ የሮቦት ክንድ ነው። ታሪኩን ግን ከመርከቡ ልጀምር፤ ምክንያቱን በኋላ ታዩታላችሁ።

መርከቡና ትከሻው

ዳግማዊ ምኒልክ እ.ኤ.አ. በግንቦት 1902 ከእንግሊዝ ጋር በተፈራረሙት ውል፣ በባሮ ዳር የወንዝ ፊቱ ከ2,000 ሜትር፣ ስፋቱም ከ400 ሄክታር ያልበለጠ መሬት ለንግድ ጣቢያ እንዲከራይ ፈቀዱ። ጣቢያው ጋምቤላ ላይ ተከፈተ፤ የሚያስተዳድረውም የሱዳን መንግሥት ነበር። ወንዙ ሲሞላ መርከቦቹ ጨውና ጨርቅ ይዘው ይመጣሉ፣ ከምዕራብ ደጋ የወረደውን ቡና ጭነው ይመለሳሉ። ወንዙ ሲጎድል ሁሉም ይቆማል። መርከቡን የሚገፋው እንፋሎት ነበር፤ ጆንያውን የሚያነሳው ግን የሰው ትከሻ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1956፣ ሱዳን ነፃ በወጣችበት ዓመት፣ ጣቢያው ለኢትዮጵያ ተመለሰ። ከዚያ ወዲህ የመርከቡ ንግድ እየደከመ ሄዶ ቀረ። ይህን ነገር በልባችሁ ያዙት፤ እመለስበታለሁ።

የብረት ክንድ ሲወለድ

ጣቢያው ከመመለሱ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ፣ እ.ኤ.አ. በ1954፣ ጆርጅ ዴቮል የተባለ አሜሪካዊ የተሰጠውን የእንቅስቃሴ ቅደም ተከተል በማስታወስ ዕቃ የሚያነሳና የሚያስቀምጥ መሣሪያ ነድፎ የፈጠራ መብት ጠየቀ። መብቱን ያገኘው በ1961 ነው። ከጆሴፍ ኤንገልበርገር ጋር ሆኖም «ዩኒሜት» የተባለውን የመጀመሪያውን የፋብሪካ ሮቦት ለሥራ አበቃ። ዩኒሜት 1,800 ኪሎ ግራም ያህል ይመዝን ነበር። በዚያው በ1961 በኒው ጀርሲ በጄኔራል ሞተርስ ፋብሪካ ሥራ ሲጀምር የተሰጠው ድርሻ ከቅርጽ ማውጫ ማሽን ትኩስ ብረት እየመዘዘ ማውጣት ነበር፤ ለሠራተኛ እጅ እጅግ አደገኛ የሆነ ሥራ።

በ1969 በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ቪክቶር ሻይንማን በኤሌክትሪክ የሚሠራ፣ ስድስት መጋጠሚያ ያለውና በኮምፒውተር የሚታዘዝ ክንድ ሠራ። በ2005 ደግሞ በጣሊያኗ ኢቭሪያ ከተማ መምህራን ለተማሪዎቻቸው በቀላል ዋጋ የሚገኝ «አርዱዊኖ» የተባለ ትንሽ የኮምፒውተር ሰሌዳ አወጡ። ንድፉንም ማንም እንዲጠቀምበት ክፍት አደረጉት። በፋብሪካ ብቻ የነበረው ክንድ እስከ እኛ ጠረጴዛ ሊደርስ የቻለው በእንዲህ ያለ ልግስና ጭምር ነው።

የእኛ ክንድ

ባለፈው ዓመት አንድ ዘመዴ ከአዲስ አበባ ሲመጣ ተገጣጣሚ የሮቦት ክንድ ይዞልኝ መጣ። ከፕላስቲክ የተቆረጡ ቁርጥራጮች፣ አራት ትንንሽ ሰርቮ ሞተሮች፣ አንድ የአርዱዊኖ ሰሌዳና አንድ ከረጢት ብሎን። ከወጣቶች ኅብረታችን ሦስት ልጆችን ጠርቼ ቅዳሜ ከሰዓት ቤቴ ተቀመጥን።

የመጀመሪያው ስህተት የእኔ ነበር። «እንዳይላላ» ብዬ ብሎኖቹን በካቻቢቴ አጥብቄ አሰርኋቸው። ክንዱ ግን መታጠፍ አቃተው። መጋጠሚያ ከልክ በላይ ሲጠብቅ ሞተሩ ይታገላል፣ ይሞቃል እንጂ አይዞርም። ፈተን ሩብ ዙር ስናላላው ታጠፈ።

ቀጥሎ ፕሮግራሙ። ሰርቮ ሞተር በሰከንድ 50 ጊዜ ምልክት ይቀበላል። ምልክቱ አንድ ሚሊ ሰከንድ ያህል ከቆየ ወደ አንድ ጎን ይዞራል፤ ሁለት ከቆየ ወደ ሌላው፤ አንድ ተኩል ከሆነ መሐል ላይ ይቆማል። እኛ ግን በፕሮግራሙ የምንጽፈው የማዕዘኑን ቁጥር ብቻ ነው፦ 90 ስንል ወደ መሐል ይመጣል። አንዱን ሞተር ስናዝ በትክክል ታዘዘ። አራቱን በአንድ ጊዜ ስናዝ ግን ክንዱ እንደ ወባ በሽተኛ ተንቀጠቀጠ፤ ሰሌዳውም እየጠፋ እንደገና ይነሳ ጀመር።

ሁለት ቅዳሜ ፕሮግራሙን ስንመረምር አለፈ። ስህተቱ ግን እዚያ አልነበረም። ሰሌዳው ኃይል የሚያገኘው ከላፕቶፑ ነው፤ አራቱ ሞተሮች ባንድነት ሲነሱ የሚፈልጉትን ያህል ከዚያ አያገኙም። ለሞተሮቹ ብቻ የ5 ቮልት የስልክ ቻርጀር አዘጋጀን። አሁንም እንቢ አለ! በመጨረሻ ከልጆቹ ታናሽ የሆነችው የቻርጀሩ ኔጋቲቭ ሽቦ ከሰሌዳው ኔጋቲቭ ጋር አለመገናኘቱን አየች። ሁለቱ የጋራ መነሻ ከሌላቸው ሞተሩ የሰሌዳውን ምልክት በትክክል ሊለይ አይችልም። አገናኘነው። ክንዱ ቀስ ብሎ ጎንበስ አለና የጠርሙስ ክዳን አነሳ። ወዲያው መብራት ጠፋ፤ በጨለማው ውስጥ ግን ሁላችንም እያጨበጨብን ነበር።

አንድ ከባድ ጥያቄ

መብራት እስኪመጣ ስንጠብቅ ከልጆቹ አንዱ እንዲህ አለኝ፦ «ጋሼ፣ አባቴ ጫኝና አውራጅ ነው። ይህ ነገር ትልቅ ሆኖ ቢመጣ አባቴ ምን ይበላል?»

ወዲያው የምመልሰው አላገኘሁም። «እግዚአብሔር ያውቃል» ብዬ ማለፍ ቀላል ነበር፤ ነገር ግን ልጁ የጠየቀው ስለ እንጀራቸው ነው። እውነቱን ልንገራችሁ፦ የብረት ክንድ ሰውን ከእሳት አድኗል፤ ሰውን ከሥራ ያስወጣበትም ቦታ አለ። ሁለቱም እውነት ነው። ለማን እንደሚጠቅም የሚወስነው ማን እንደያዘው፣ ማንስ እንደተማረው ነው።

አሁን ወደ መርከቡ ልመለስ። መርከቦቹ ጋምቤላ ድረስ መጡ፤ ባለቤታቸውም ነጂያቸውም ግን ከሌላ አገር ነበር። የእኛ ድርሻ በአብዛኛው ትከሻ ሆነ። ዘመኑ ሲለወጥ ንግዱ ቀረ። ሌላው የሠራውን በመጠቀም ብቻ የሚኖር ሰው፣ ባለቤቱ ሲሄድ ባዶ እጁን ይቀራል። ገጣጥሞ፣ አበላሽቶ፣ መልሶ የጠገነ ግን ዕውቀቱ ከእርሱ ጋር ይቀራል።

በዘጸአት 31 እግዚአብሔር ባስልኤልን በመንፈሱ እንደሞላው ታነባላችሁ። የተሞላው ለስብከት አልነበረም፤ ወርቅን፣ ናስንና እንጨትን ለመሥራት ነው። የእጅ ጥበብ ከመክሊቶቻችሁ አንዱ ሊሆን ይችላል፤ አትቅበሩት። ኪት መግዛት ባትችሉም የተበላሸ ሬዲዮ ፈትቶ መመልከት መጀመሪያ ይሆናል።

ለዚያ ልጅ የሰጠሁት መልስ ይህ ነው፦ «አንተ ተማረው። ያን ጊዜ ክንዱ ሲመጣ የአባትህን ድካም የሚያቀል እንዲሆን የሚከራከርለትም የሚሠራለትም ሰው ይኖራል።» እርሱም በሚቀጥለው ቅዳሜ ከሁላችን ቀድሞ መጣ። አባቱንም ይዞ ነበር።