አደራውን የጠበቀ ሊቅ

አንባቢ ሆይ! በቦሌ ቡልቡላም ሆነ በሌላው የአዲስ አበባ ሠፈር ፊደል የሚቈጥር ሕፃን ትምህርቱን የሚጀምረው «ሀ፣ ሁ፣ ሂ» ብሎ ነው። የአለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌን የግእዝ መዝገበ ቃላት የገለጠ ሰው ግን በመጀመሪያ የሚያገኘው «አ»ን ነው፤ ከዚያም «በ፣ ገ፣ ደ» እያለ ይቀጥላል። ይህ ያለ ምክንያት አልተደረገም፤ ምክንያቱን ለመረዳት የሊቁን ታሪክ በአጭሩ መመልከት ይገባናል።

አለቃ ኪዳነ ወልድ የሸዋ ተወላጅ ናቸው። የቤተ ክርስቲያንን ትምህርት በአገራቸው ከተማሩ በኋላ ወደ ኢየሩሳሌም ተሻግረው ሠላሳ ዓመት ያህል በዚያ ተቀመጡ። መምህራቸው መምህር ክፍለ ጊዮርጊስ ነበሩ፤ እኒህም የኢጣልያው ሊቅ ጉዊዲ የአማርኛ መዝገበ ቃላቱን ሲያዘጋጅ የረዱት ናቸው። ኪዳነ ወልድ በቅድስቲቱ አገር ዕብራይስጥን፣ ሱርስትንና ዐረብኛን አጠኑ።

ይህ ድካም ስለ ምን አስፈለገ? ብሉይ ኪዳን ወደ ግእዝ የተመለሰው በአብዛኛው ከጽርእ ነው። ስለዚህ በግእዙ የጨለመ ቃል ሲያጋጥም፣ ዕብራይስጡን የሚያውቅ ሰው ወደ ምንጩ ወርዶ ይመረምራል። በራእዩ ጥልቀትና በመቅደሱ ልክ ብዛት አስቸጋሪ የሆነውን የሕዝቅኤልን ትርጓሜ አለቃ በ1916 ዓ.ም. በድሬዳዋ አሳተሙ።

የፊደሉም ነገር ከዚሁ የመጣ ነው። ዳዊት የሚደግም ሁሉ በ118ኛው መዝሙር «አሌፍ፣ ቤት፣ ጋሜል፣ ዳሌጥ» የሚለውን ያውቀዋል። አለቃም የፊደላችን ጥንታዊ ተራ ይኸው ነው ብለው መዝገበ ቃላቱን በ«አበገደ» ሠሩት። እርግጥ ነው፣ የ«ሀለሐመ» ተራም በደቡብ ዐረብ ጥንታዊ ጽሕፈት እንደ ነበረ ዛሬ ታውቋል፤ ስለዚህ ክርክሩ በአንድ ወገን ብቻ የሚዘጋ አይደለም። ነገር ግን የግእዙን «ሰላም» ከዕብራይስጡ «ሻሎም»፣ «ቤት»ንም ከ«ባይት» ጋር አስተያይቶ የሚያጠና ሰው የአለቃን ድካም ዋጋ ያገኘዋል።

አንባቢ ሆይ! ከሁሉ የሚደነቀው የመጽሐፉ ዕድል ነው። ሥራውን የጀመሩት መምህር ክፍለ ጊዮርጊስ ሳይፈጽሙት ዐረፉ፤ ለኪዳነ ወልድም አደራ ተዉላቸው። ኪዳነ ወልድ ዕድሜያቸውን አፈሰሱበት፤ ነገር ግን ኅትመቱን ሳያዩ በ1936 ዓ.ም. ዐረፉ። አደራው ወደ ደቀ መዝሙራቸው ወደ አለቃ ደስታ ተክለ ወልድ ተላለፈ፤ እሳቸውም በ1948 ዓ.ም. መጽሐፉን በአዲስ አበባ ለኅትመት አበቁት። የራሳቸውን ታላቅ የአማርኛ መዝገበ ቃላት ያወጡት ከዚያ በኋላ፣ በ1962 ዓ.ም. ነው።

ከሦስቱ አንዱ «በእኔ ዕድሜ ካልተፈጸመ ምን ይጠቅመኛል» ብሎ ቢተወው ኖሮ፣ የቀደሙት ድካም ከወረቀቱ ጋር በጠፋ ነበር። እንግዲህ የሚያስተምር ሰው ዕውቀቱን የሚረከብ ደቀ መዝሙር ያዘጋጅ፤ የተረከበም አደራውን አይጣል።