ከአያት የተወረሰ ጎራዴ ስለ መመርመር

በድሬዳዋና በሐረርጌ ነባር ቤተ ሰቦች ዘንድ ከአያት ወይም ከቅድመ አያት የተወረሰ ጎራዴ ተሰቅሎ ቢገኝ የሚያስደንቅ አይደለም። ታሪኩ ሲጠየቅ «የዐድዋ ነው» ወይም «ንጉሡ የሸለሙት ነው» የሚል መልስ ይሰጣል። ይህ ቃል የሚናቅ አይደለም፤ ነገር ግን የታሪክ ተማሪ የሽማግሌውን ቃል ብረቱ ከሚሰጠው ምስክርነት ጋራ ማስተያየት ይገባዋል። የዚህ አጭር ጽሑፍ ዓላማም ምርመራው በምን ሥርዓት እንደሚከናወን ማመልከት ነው።

ከሁሉ አስቀድሞ መታወቅ ያለበት፥ ጎራዴ የአንድ እጅ ሥራ አለመሆኑ ነው። ብረቱ፥ እጀታውና አፎቱ ለየብቻ ይመረመራሉ። በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻና በ20ኛው መጀመሪያ ወደ ኢትዮጵያ ከገቡት ብረቶች ብዙዎቹ በአውሮፓ፥ በተለይም በጀርመን አገር በሶሊንገን ከተማ የተሠሩ ናቸው። የአውራሪስ ቀንድ እጀታውና የቆዳ አፎቱ ግን ብዙ ጊዜ ያገር ባለሙያ ሥራ ነው። የባሕር ማዶ ዕቃ ቀድሞ ከዘይላ ወደ ሐረር በግመል ይጫን ነበር፤ በ1895 ዓ.ም. የምድር ባቡር ከጅቡቲ ድሬዳዋ ከደረሰ በኋላ ደግሞ በባቡር መጣ። ስለዚህ ጎራዴው የተገኘበት ቦታ የተሠራበትን ቦታ አያስረዳም።

ሁለተኛው ነገር ጽሕፈቱ ነው። በብረቱ ላይ የአንበሳ ሥዕልና የንጉሥ ስም በግዕዝ ፊደል ተጽፎ የተመለከተ ሰው ጎራዴው ያገር ውስጥ ሥራ ነው ብሎ ይፈርዳል። ይሁን እንጂ የአውሮፓ ፋብሪካዎች እንደ ታዘዙት በፊደላችን ይጽፉ ነበር። ጽሕፈቱ የሚያስረዳው ሠሪውን ሳይሆን ዘመኑን ነው። ምኒልክ «ንጉሠ ነገሥት» ተብለው የነገሡት ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. ሲሆን፥ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የነገሡት ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. ነው። እንግዲህ የኃይለ ሥላሴ የንጉሠ ነገሥትነት ስም ያለበት ጎራዴ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ዐድዋ ላይ ተመዝዞ ነበር ቢባል፥ ጽሕፈቱ በኋላ የተጨመረ ካልሆነ በቀር በመካከሉ ወደ 35 ዓመት የሚጠጋ ልዩነት አለ። ምናልባት የፊተኛው ብረት ተለውጦ፥ ወይም የሌላ ጎራዴ ታሪክ ወደዚህኛው ተላልፎ ይሆናል።

በዚህ ረገድ የጃፓኖች ልማድ ይጠቅመናል። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1924 ዓ.ም. ያችን አገር ጎብኝተው «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» የተባለውን መጽሐፍ ስለ ጻፉ፥ ጃፓንን ከኢትዮጵያ ጋራ ማነጻጸር ለአንባቢ እንግዳ አይሆንም። የጃፓን አንጥረኛ ስሙን የሚቀርጸው በእጀታው ውስጥ በሚገባው የብረቱ ክፍል ላይ ነው። እጀታው በቀርከሃ ችንካር ብቻ ስለሚያያዝ ተፈትቶ ይታያል። በዚያ ያለውን ዝገት ማንም አይነካውም፤ መልኩ የብረቱን ዕድሜ ይጠቁማልና። ደግሞም በሐሰት የተቀረጸ ስም ብዙ ስለ ሆነ፥ ዐዋቂዎቹ የብረቱን ቅርጽና አሠራር ሳያዩ ስሙን አያምኑም።

የኛ ጎራዴ እጀታ ግን ብዙ ጊዜ አጥብቆ የተመታ በመሆኑ በኃይል ሊነቀል አይገባም። የፋብሪካው ምልክት ካለ በእጀታው ሥር ባለው ወፍራም ክፍል ወይም በብረቱ ጀርባ ላይ መፈለግ ነው። ከዚያም ርዝመቱን መለካት፥ ቅርጹን መሳል፥ ጽሕፈቱን በስስ ወረቀትና በእርሳስ ማንሣት፥ የቤተ ሰቡንም ቃል ሳያርሙ ለብቻው መጻፍ ይገባል።

በአንጻሩ ጎራዴውን ለማስዋብ በአሸዋ ወይም በአመድ መፈተግ ትልቅ ጥፋት ነው። በአሲድ የተጻፈ ጽሕፈት ጥልቀት ስለሌለው፥ ብዙ ዘመን የቆየው ምስክር በአንድ ቀን ይጠፋል።

ብረቱ የሶሊንገን ሥራ ሆኖ መገኘቱ የታጠቀውን ሰው ክብር አይቀንስም። እንዲያውም የሐረርጌ ሰው ከባሕር ማዶ ገበያ ጋራ የነበረውን ግንኙነት ያሳያል። ስለዚህ ተማሪዎች በዕረፍት ጊዜያቸው ወደየቤታቸው ሲመለሱ፥ ታሪኩን የሚያውቁት ሽማግሌዎች ሳያልፉ ይህን መዝግበው ቢያመጡ ለሁላችን ጥቅም ይሆናል።